የአባዬ አልጋ ሪሞት ሞተብን፣ አዲሱ ልክክ ብሎ ገባ ግን አልሰራም

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከባህር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። አባዬ ስትሮክ ከመታቸው ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው፣ ቀኝ እጅና ቀኝ እግራቸው አይታዘዝላቸውም፣ አእምሯቸውና ንግግራቸው ግን እግዜር ይመስገን ደህና ነው። እህቴ ከውጭ የላከችልን በኤሌክትሪክ የሚሰራ የሆስፒታል አልጋ አለን፣ እሱ ባይኖር ምን እንሆን እንደነበር አላውቅም። በግራ እጃቸው ሪሞቱን ይዘው ራሳቸው ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ ሌሊት እኔን ሳይቀሰቅሱ ማለት ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የሪሞቱ ገመድ በጎን መከለያው ብረትና በአልጋው ፍሬም መሀል ገብቶ ተቆነጠጠ። መጀመሪያ የራስጌው ማውረጃ ብቻ እምቢ አለ፣ ገመዱን ጠምዘዝ ስናደርገው ደግሞ ይሰራ ነበር፣ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ግን ጭራሽ ዝም አለ፣ ያውም ራስጌው ከፍ እንዳለ። አሁን አባዬ ሌሊቱን ቁጭ ብለው ነው የሚያድሩት። ወንድሜ አዲስ አበባ መሰኪያው የሚመሳሰል ሪሞት አግኝቶ በባስ ላከልን፣ ሰካነው፣ ልክክ ብሎ ገባ፣ ግን የራስጌውን ማንሻ ስንጫን እግርጌው ይነሳል፣ ማውረጃዎቹ ደግሞ ምንም አይሉም። ሻጩ አልመልስም ብሏል። የሰፈራችን የመብራት ሰራተኛ "ገመዱን ቆርጬ ቀጥታ ላገናኘው" ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ፈራሁ። የተበላሸው አልጋው ነው ወይስ ሪሞቱ? ምን ብዬ ነው የምገዛው?

ልጃቸው፣ ከባህር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽን እግዜር ይማርልሽ፣ አንቺንም ያበርታሽ። የሪሞቱን ነገር ትንሽ ላቆየውና ከዛሬ ማታ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሰው ቁጭ ብሎ ሲያድር ወደታች ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት መቀመጫው ላይ ያለው ቆዳ ከአንሶላው ጋር ይፋተጋል፣ ክብደቱም በሙሉ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፣ የአልጋ ቁስል የሚጀምረው እንደዚህ ነው፣ ስትሮክ የመታው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱን እንደልብ ማገላበጥ ስለማይችል አንዴ ከቆሰለ ብዙ ወር ያሰቃያል። ስለዚህ ሪሞት እስኪገኝ መጠበቅ የለም፣ ራስጌው ዛሬውኑ መውረድ አለበት።

አንደኛ፣ አዲሱን ሪሞት ንቀዪው። የማይሆን ሪሞት ተሰክቶ ሲነካካ ኮንትሮል ቦክሱን፣ ማለትም ሪሞቱና ሞተሮቹ የሚሰኩበትን አልጋው ስር ያለውን ሳጥን፣ ሊያበላሽ ይችላል፣ ያኔ ችግራችሁ ከሪሞት ይበልጣል። ሁለተኛ፣ አልጋው ስር፣ በተለይ እግርጌው በኩል፣ በእጅ የሚዞር መዘውር ወይም የመዘውር መግቢያ ቀዳዳ እንዳለው እዪ፣ ብዙ የአሜሪካ አልጋዎች አላቸው፣ ካለው በሱ ማውረድ ይቻላል። ከሌለው ደግሞ ዝቅ ብለሽ ስታዪ ከራስጌው ብረት ጋር የተያያዘ እንደ ብስክሌት መንፊያ ያለ ዘንግ ታገኛለሽ፣ እሱ ነው ሞተሩ። ጫፉ ላይ በአንድ ፒን ተይዟል፣ ፒኑ እንዳይወጣ ደግሞ ትንሽዬ የሽቦ ክሊፕ አለችው። ስፒናውን ከግድግዳው ንቀሉ፣ አባትሽን ወደ ሌላ አልጋ አሻግሯቸው፣ ፍራሹንም አንሱት። ከዛ ሁለት ጠንካራ ሰው የራስጌውን ብረት ከግራና ከቀኝ ደግፎ ይያዝና ሦስተኛው ክሊፑንና ፒኑን ያውጣ፣ ቀስ እያላችሁ አውርዱት። ሰው ተኝቶበት ይህንን መሞከር ፈጽሞ አይሆንም፣ ብረቱ ፒኑ በወጣበት ቅጽበት ሊወድቅ ይችላል፣ ስሩ የገባ እጅ ካለ ይሰብራል። ፒኑ እንዳይጠፋ እዛው ፍሬሙ ላይ በክር እሰሪው፣ እስኪጠገንም ድረስ ስፒናው ከግድግዳው ተነቅሎ ይቆይ። ሪሞቱ እስኪመጣ ድረስ ሲመገቡ በትራስ ደጋግፋችሁ ቀና አድርጓቸው፣ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይጋደሙ ይቆዩ፣ ትንታ እንዳይመጣ። ሌሊት ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ጎን መቀየር፣ አውቃለሁ ይደክማል፣ ግን ተራ ተከፋፈሉት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ደብዳቤሽ መልሱን ራሱ ይዞታል። ገመዱን ስታጠማዝዙት ይሰራ ነበር ብለሻል፣ ይሄ ማለት ውስጡ ካሉት ቀጫጭን ሽቦዎች መጀመሪያ አንዱ ነው የተቆረጠው፣ የማውረጃው፣ ኋላ ሌሎቹም ተከተሉት። አዲሱ ሪሞት ደግሞ ምንም ቢዘባርቅ እግርጌውን አንስቷል፣ ስለዚህ ኮንትሮል ቦክሱ መብራት እያገኘ ነው፣ ቢያንስ አንደኛው ሞተርም ደህና ነው። የራስጌው ሞተር ትክክለኛው ሪሞት ሲገኝ ነው በደንብ የሚታወቀው፣ ግን ገመዱን ስታጠማዝዙት ይሰራ ከነበረ እሱም ጤነኛ ነው ብዬ ነው የማምነው። አልጋሽ አልሞተም። የሞተው ገመዱ ነው።

ሌሎች አንባቢዎች ግን እንደዚህ ግልጽ ያለ ምልክት ላይኖራችሁ ይችላል፣ ሪሞት ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት ጥቂት ነገር እዩ፣ ምክንያቱም ሪሞቱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ብር አውጥተው አዲስ ያስመጡ ሰዎች አይቼ በጣም ነው ያዘንኩት። ብዙ ሪሞት ቁልፍ አለው፣ ጀርባው ላይ በትንሽ መፍቻ ወይም በማግኔት የሚዞር፣ የልጅ ልጆች ሲጫወቱበት ይቆለፍና ሞቷል ይባላል። ሌላው ሙቀት ነው፣ ሞተሩ ላይ ያለውን ጽሁፍ ብታነቡ አብዛኛው 10 ፐርሰንት ወይም 2 ደቂቃ እና 18 ደቂቃ የሚል ነገር አለው፣ ትርጉሙ ሁለት ደቂቃ ከሰራ አስራ ስምንት ደቂቃ ይረፍ ነው፣ አንሶላ ለመቀየር ምናምን ብላችሁ ደጋግማችሁ ከፍ ዝቅ ስታደርጉት ይግልና ራሱን ያጠፋል፣ በተለይ ሚያዝያና ግንቦት ላይ በባህር ዳር ሙቀት። ሃያ ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ሞክሩት። ለበዓል ቤት ሲጸዳ አልጋው ሲገፋ ደግሞ ከኮንትሮል ቦክሱ ላይ መሰኪያዎች በግማሽ ይወጣሉ፣ ስፒናውን ከግድግዳ ነቅላችሁ ሁሉንም አንድ በአንድ ገፋ ገፋ አድርጓቸው።

ከዛ ጆሮ ነው። ቤቱን ጸጥ አስደርጋችሁ አንዱ ቁልፉን ሲጫን ሌላው ቦክሱ አጠገብ ያዳምጥ። ጠቅ የሚል ድምፅ ከተሰማና ሞተሩ ካልተንቀሳቀሰ ሪሞቱ ስራውን ሰርቷል፣ ችግሩ ቦክሱ ውስጥ ወይም ከቦክሱ ወዲያ ነው። ምንም ካልተሰማ ሪሞቱን ወይም ገመዱን ጠርጥሩ። ሞተሮቹ ለየብቻ የሆኑበት አልጋ ከሆነ ደግሞ የራስጌውንና የእግርጌውን ሞተር መሰኪያ ቦክሱ ላይ አቀያይራችሁ መሞከር ይቻላል፣ አልጋው ባዶ ሆኖ እና ስፒናው ተነቅሎ እየተቀያየረ። እግርጌው በራስጌው ቁልፍ ከሰራ የራስጌው ሞተር ነው የታመመው፣ እሱም እምቢ ካለ ወይ ሪሞቱ ወይ ቦክሱ ነው። ሁለቱ ሞተሮች አንድ ላይ የታሸጉበት ዓይነት ከሆነ ግን ይሄ አይቻልም።

እሺ፣ መሰኪያው ልክክ ብሎ ገብቶ ለምን አልሰራም? ይሄ ላይ ነው ሁሉም ሰው የሚሳሳተው፣ ወንድምሽም አልተሳሳተም የሚባል አይደለም ግን አልፈርድበትም። ያ ክብ መሰኪያ ውስጡ ፒኖች አሉት፣ አምስት የሆነ አለ፣ ስምንት አለ፣ አስራ ሦስትም አለ። የፒኑ ቁጥርና ቅርጹ አንድ ሆኖ የየትኛው ፒን ስራ የቱ እንደሆነ ግን እንደ ፋብሪካው ይለያያል፣ አንዱ ጋ ሦስተኛው ፒን ራስጌ ማንሻ ሲሆን ሌላው ጋ እግርጌ ማንሻ ነው፣ የእናንተ የሆነው ይሄ ነው። ይባስ ብሎ የሪሞቶቹ አሰራር ራሱ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ተራ ማብሪያ ነው፣ ሲጫኑት ሁለት ሽቦ ያገናኛል በቃ፣ አንዳንዱ የሞተሩን ኃይል ራሱ በውስጡ ያሳልፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ውስጡ ቺፕ ኖሮት ከቦክሱ ጋር በዲጂታል ነው የሚያወራው። እነዚህ ሦስቱ በመልክ አይለዩም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን ማወቅ ብዙ ያግዛል። አልጋው ላይ የተጻፈው ስም የአልጋው ፋብሪካ ነው እንጂ የሞተሩና የሪሞቱ አይደለም። የአልጋ ፋብሪካዎች ሞተር፣ ቦክስና ሪሞት ከሌላ ነው የሚገዙት፣ ለምሳሌ ሊናክ የሚባል የዴንማርክ፣ ደወርት ኦኪን የሚባል የጀርመን፣ ቲሞሽን የሚባል የታይዋን ድርጅት አለ፣ እነዚህ ለብዙ አልጋ ፋብሪካ ያቀርባሉ። ስለዚህ ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው አልጋዎች አንድ ሪሞት ሊጠቀሙ ይችላሉ፣ አንድ ስም ያላቸው በተለያየ ዓመት የተሰሩ ሁለት አልጋዎች ደግሞ ሪሞታቸው ላይገጥም ይችላል። ሻጭ ጋ ሄዶ የአልጋውን ስም ብቻ መንገር የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት፣ ፎቶ። ስልክሽን አውጪና የድሮውን ሪሞት ጀርባ አንሺው፣ እዛ ያለው ረጅም ቁጥርና ፊደል የሪሞቱ መለያ ነው፣ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ዕቃው ሌላ ነው። ጽሁፉ ከተፋቀ የሞባይል ባትሪ በጎን አብሪበት፣ ብዙ ጊዜ ይነበባል። ከዛ አልጋው ስር ገብተሽ የኮንትሮል ቦክሱን ጽሁፍ፣ እሱ ከሁሉም በላይ አስፈላጊ ነው፣ ቀጥሎ የሞተሮቹን፣ ቀጥሎ ፍሬሙ ላይ የተለጠፈውን የአልጋውን ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር። የመሰኪያውንም ፊት ለፊት አንሺው፣ ፒኖቹ እንዲቆጠሩና ጎርበጥ ያለችው መምሪያዋ የት ጋ እንዳለች እንዲታይ። የሪሞቱም ፊት፣ ስንት ቁልፍ እንዳለውና በምን ቅደም ተከተል እንደሆነ። አራት ቁልፍ ከሆነ ራስጌና እግርጌ ብቻ ነው፣ ስድስት ከሆነ ብዙውን ጊዜ የአልጋው ጠቅላላ ከፍታ ይጨመራል። ይሄን ሁሉ በቴሌግራም ለሻጩ ላኪና "ከዚህ ቦክስ ጋር ይሰራል" ብሎ በጽሁፍ ይመልስልሽ፣ ካልሰራ እንደሚመልስም እዛው ይጻፍ። አዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሙከራ ዕቃ በባስ ማመላለስ ገንዘብም ጊዜም ይፈጃል። ለእህትሽም ያንኑ ፎቶ ላኪላት፣ አልጋው የተገዛበት አገር በቁጥሩ ካፈላለገች ቶሎ ልታገኘው ትችላለች፣ ዕቃው ደግሞ ቀላል ስለሆነ መንገደኛ ይዞት ይመጣል። እዚሁ ባህር ዳርም ሆስፒታል ውስጥ የህክምና ዕቃ የሚጠግን ባዮሜዲካል ባለሙያ የምታውቁ ከሆነ አሳዩት፣ እነዚህን አልጋዎች በየቀኑ ነው የሚያዩት።

የመብራት ሰራተኛው ያለሽን በተመለከተ፣ ፈራሁ ማለትሽ ልክ ነው። ይሄ ሪሞት የተሰራው ጣት ሲጫነው ብቻ እንዲንቀሳቀስ፣ ጣት ሲነሳ ወዲያው እንዲቆም ነው። አባትሽ እጃቸው ብረት ስር ቢገባ ጣታቸውን ያነሳሉ፣ አልጋው ይቆማል። ሽቦውን ቀጥታ ካገናኙት ግን ያ ማቆሚያ የለም፣ ሞተሩ የመጨረሻው ጫፍ እስኪደርስ ይሄዳል፣ መሀሉ ላይ ምን ይኑር ምን አያውቅም። ስለዚህ በፍጹም። ሰውየው ክፉ አስቦ አይደለም፣ የቤት መብራትና ይሄ አልጋ ግን አይገናኙም።

የድሮውን ገመድ ማስጠገንስ? ፋብሪካዎቹ ሪሞት ከፍታችሁ አትንኩ ነው የሚሉት፣ እኔም አዲስ ከተገኘ አዲሱን ነው የምመርጠው። ግን ሁለት ወር የሚያስጠብቅ ከሆነ፣ ቁልፎቹ ጤነኛ ሆነው ገመዱ ብቻ የተቆረጠበት ሪሞት በጥሩ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ እጅ ይድናል፣ ኃይሉ ቦክሱ ውስጥ ወደ 24 ቮልት ገደማ የሚወርድበት ዓይነት መሆኑን ባለሙያው ከጽሁፉ አንብቦ ካረጋገጠ ማለቴ ነው። አሮጌ አልጋ ላይ እንደዛ ያልሆነም ስላለ አይገመትም። እሱ የሚሰራው እያንዳንዱን ሽቦ በቴስተር ለክቶ የተቆረጠበትን ማግኘት፣ የተጎዳውን አውጥቶ መበየድ፣ ለየብቻ መሸፈን ነው። በናስትሮ ጠቅልሎ ብቻ የሰጣችሁን አትቀበሉት፣ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለው ገመድ በተሳበ ቁጥር ይለቃል፣ እርጥበትም ይገባዋል። የሽቦ ቀለም ብቻ አይቶ ያገናኘም አላመንኩትም፣ ቀለም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያልና።

ትክክለኛው ሲመጣ አባትሽ አልጋው ላይ ሳይኖሩ፣ ስፒናው ተነቅሎ ይሰካ። መሰኪያው ላይ የጎማ ቀለበት አለ፣ እስኪገባ ድረስ በደንብ ግፉት፣ መያዣ ክሊፕ ካለውም መልሱት፣ እርጥበትን የሚከለክለው የጎማ ቀለበቱ ነው። የራስጌውን ዘንግ በፒኑና በክሊፑ ወደ ቦታው መልሱ። አልጋው ስር ያለውን ሁሉ አውጡ፣ ፖፖ፣ ጫማ፣ ጀሪካን፣ የዘመድ ሻንጣ፣ ሁሉንም። ከዛ ባዶውን እያንዳንዱን ቁልፍ እስከ ጫፍ ሞክሩ፣ ያለው ጽሁፍና የሚሆነው አንድ ነው ወይ፣ ጣት ሲነሳ ወዲያው ይቆማል ወይ። አንዱም ካልገጠመ አባትሽ አይውጡበት።

ገመዱን ደግሞ በዚያው በድሮው መንገድ አታሳልፉት፣ እዛው ይቆነጠጣል። በግራ እጃቸው በኩል፣ ከሚወርደው የጎን መከለያ ውጪ፣ ከትራሱ አጠገብ ይምጣ፣ ለከፍታው የሚበቃ ትርፍ ተውለት። ሪሞቱን ፌስታል የምታለብሱት ከሆነ ውስጡ ላብ እንዳይቋጥር ቶሎ ቶሎ ቀይሩት፣ ጽዳት በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ብቻ ነው። ራስጌ ማንሻው ላይ ደግሞ ትንሽ ፕላስተር ለጥፊላቸው፣ ሌሊት በጨለማ ጣታቸው በዳበሳ ያገኘዋል። ራሳቸውን ቀና ማድረግ የቻሉ አባት ልጃቸውን ሳይቀሰቅሱ የሚያድሩበትን ሌሊት እኔም ቤት አውቀዋለሁና ይሄን ትንሽ ነገር አደራ እልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የኛ አልጋ ከአሜሪካ የመጣ 110 ነው፣ በትራንስፎርመር ነው የምንሰካው። ሪሞት ስንገዛ የ110 ነው ወይስ የ220 ብለን የምንጠይቀው? አንባቢ፣ ከዘጌ

መልስ፦ በአብዛኛው ሁለቱንም አይደለም። ሪሞቱ ያለው ከኮንትሮል ቦክሱ ወዲህ ነው፣ ቦክሱ ደግሞ ኃይሉን ዝቅ አድርጎ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ሪሞቱ የሚመሳሰለው ከቦክሱ ጋር እንጂ ከግድግዳው ጋር አይደለም፣ ከላይ እንዳልኩት የቦክሱን ቁጥር ይዛችሁ ፈልጉ። የሚያሳስበኝ ትራንስፎርመሩ ነው። አልጋው ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አባዙት፣ 120 ቮልት 3 አምፔር ቢል 360 ዋት ነው፣ ትራንስፎርመሩ ቢያንስ እጥፉን የሚችል ይሁን። 50/60 ኸርዝ የሚል ካለ ጥሩ፣ 60 ብቻ ካለ ቦክሱ ሊግል ስለሚችል አልፎ አልፎ በእጃችሁ ዳብሱት። ስፒናው ላይም "በቀጥታ እንዳይሰካ" ብላችሁ በአማርኛ ለጥፉበት፣ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ለመርዳት ብሎ ቀጥታ 220 ላይ ከሰካው ቦክሱ ይቃጠላል፣ ያኔ ሪሞት መፈለግ አይደለም ችግሩ።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ እማዬ ከፍ እንዳሉ ይቀራሉ፣ አልጋው ባትሪ ሊኖረው ይችላል ወይ? ከባህር ዳር ቀበሌ 14

መልስ፦ ሊኖረው ይችላል፣ ቦክሱን ወይም የስፒናውን ጥቁር ሳጥን እዪው። አንዳንዱ ባለ 9 ቮልት አራት ማዕዘን ድንጋይ ነው የሚወስደው፣ እሱ ለማውረድ ያህል ብቻ ነው፣ ጥቂት ጊዜ አውርዶ ያልቃል፣ ባትጠቀሙበትም በዓመት አንዴ ቀይሩት። ሌላው ደግሞ እንደ ዩፒኤስ ዓይነት የሚሞላ ባትሪ ነው፣ አልጋው ሶኬት ላይ ሲውል ነው የሚሞላው፣ ሦስት አራት ዓመት ሲሆነው መቀየር አለበት። መብራት ያቃጥላል ብላችሁ ሁልጊዜ ስፒናውን የምትነቅሉ ከሆነ ባትሪው ባዶ ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ። መብራት ባለበት ቀን እማዬን አስነስታችሁ ራስጌውን ከፍ አድርጉና ስፒናውን ነቅላችሁ ማውረጃውን ተጫኑት፣ ከወረደ ባትሪው በሕይወት አለ፣ ካልወረደ ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ባትሪውን ፈልጉ።